ቅጠሉን የከተፈችው ማን ናት?

ሊባኖስ ሄዶ ሳይጠግብ የተመለሰ እንግዳ እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም ጠግበው ከተመለሱት አንዱ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጸው ላይ ለሥራ ጉዳይ ቤይሩት ሦስት ሳምንት ከርሜ ነበር። ስለ ስብሰባው ንገረን ብትሉኝ አፌ ይያያዛል። ስለ ምሳው ከሆነ ግን ወንበር ሳቡና ቁጭ በሉ፤ ጊዜ ይፈጃል።

እንዲያውም ከጉዞው መልስ ስለዚያ ገበታ ጽፌ ነበር። ጓደኞቼ ወደዱልኝ። «አንብበን ራበን» ያሉኝም አሉ። ታዲያ ያንን ጽሑፍ ሰሞኑን መልሼ ሳነበው አንድ ነገር አሳፈረኝ። ሳህኑን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥሬያለሁ። ያልቆጠርኳት ሰው አለች። የዛሬው ጽሑፍ በራሴው ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሂስ ነው ብትሉት አልቀየምም።

ከገበታው ልጀምር። የመጀመሪያው እሁድ ላይ አንድ ሊባኖሳዊ የሙያ ባልደረባዬ ከነቤተሰቡ ወደ ዛህሌ ይዞኝ ወጣ። ዛህሌ ከቤይሩት በስተምሥራቅ፣ ተራራውን ተሻግረው የሚያገኟት፣ በበቃ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። በርደውኒ የሚባል ትንሽ ወንዝ ሰንጥቋት ያልፋል። በወንዙ ዳር ያለው ምግብ ቤት በምግብ ቤት ነው። መዜን በወጉ መብላት ከፈለግሁ እዚያ መሄድ እንዳለብኝ ቤይሩት ያገኘሁት ሰው ሁሉ ነግሮኝ ነበር።

«መዜ» የሚለው ቃል ከፋርስ ቋንቋ፣ «ጣዕም» ከሚለው፣ በቱርኮች በኩል ወደ አረቡ የገባ ነው ይባላል። ነገሩ ግን ከቃሉ በላይ ነው። መዜ የአንድ ምግብ ስም አይደለም፤ የአበላል ስም ነው። ለየራሱ የሚያዝ ሰው የለም። አንዱ ለሁሉም ያዛል፤ ብዙ ጊዜ ጋባዡ። ከዚያ አስተናጋጁ ትንንሽ ሳህን መደርደር ይጀምራል። መጀመሪያ ቀዝቃዛው ይመጣል፦ ከሽምብራና ከሰሊጥ የሚሠራው ሁሙስ፣ በእሳት ተለብልቦ የተላቆጠ ደበርጃን፣ ውሃው የተጠለለ እርጎ፣ ሩዝ የተጠቀለለበት የወይን ቅጠል፣ የደረቀ ቂጣ የተሰባበረበት ሰላጣ፣ ዘይቱን፣ ለውዝ። ቀጥሎ ትኩሱ ይመጣል፦ የኛው ሳምቡሳ የአጎት ልጅ የሆነው ሳምቡሴክ፣ በስጎ የተጠበሰ ጉበት፣ ትንንሽ ቋሊማ። ከዚያ በፍም የተጠበሰው ሥጋ። ሳህኑ ከሃያ ሲያልፍ የጠረጴዛው ልብስ ጨርሶ አይታይም። ሳህን በሳህን ላይ ይደረባል እንጂ ያላለቀው አይነሳም።

ማንኪያውም ሹካውም ዳር ላይ ተቀምጠዋል፤ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ግን ቂጣው ነው። ትቆርሳለህ፣ ታጥፋለህ፣ ትጠቅሳለህ። እኔ ሐበሻው በዚህ ማንም አልቀደመኝም። «ከየት ተማርከው?» አሉኝ። እናቴ ጉልበት ስር ነው አልኳቸው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ጥሬው ኪቤ ነው። ቀይ የበግ ወይም የፍየል ሥጋ ከደቃቅ የስንዴ ክክ ጋር ደቅቆ፣ ሳህን ላይ ተለጥፎ፣ የወይራ ዘይት ፈስሶበት ይቀርባል። ናናና ሽንኩርት ከጎኑ። በድሮው ጊዜ ሥጋውን በድንጋይ ሙቀጫ የሚወቅጡት ሴቶች ነበሩ፤ በየመንደሩ እሁድ ጧት የሙቀጫው ድምፅ ይሰማ እንደነበር ባልደረባዬ ነገረኝ። ጥሬ ሥጋ በዓለም ላይ የኛ ብቻ መስሎን ስንኩራራ የኖርን ሰዎች እዚያ ስንደርስ አንገታችንን ሰበር ማድረግ አለብን።

መጠጡም ሥርዓት አለው። ስሙ አረቅ ነው፤ የኛ አረቄ ዘመድ። ከወይን ተጠንስሶ በአኒስ ፍሬ የሚወጣ ሲሆን ሽታው ኡዞን ይመስላል። አንድ እጅ አረቅ፣ ሁለት እጅ ውሃ፣ በረዶው መጨረሻ። ቅደም ተከተሉን ካዛባህ ይታዘቡሃል። ውሃው ሲገባ የጠራው መጠጥ ወተት ይመስላል። በተቀዳ ቁጥር ደግሞ ብርጭቆው ይቀየራል። እዚያ ወንዝ ዳር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተቀምጠን ስንነሳ ፀሐይዋ ተራራው ጀርባ ገብታ ነበር። ሂሳቡ ሲመጣ ባልደረባዬና ወንድሙ ሊደባደቡ ደረሱ፤ ሁለቱም «እኔ ነኝ የምከፍለው» ብለው። ይሄን ሳይ በቃ አገሬ ነው ያለሁት አልኩ።

ባልደረባዬ ስለ መዜ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። «ምን ያህል እንደምንጣላ ታውቃለህ» አለኝ። «ማሮናዊ፣ ሱኒ፣ ሺዓ፣ ድሩዝ፣ አሥራ ስምንት ሃይማኖት ነን። አሥራ አምስት ዓመት ተገዳድለናል። ግን ሁላችንም አንድ ሁሙስ ነው የምንበላው። መዜ ላይ የራስህ ሳህን የለህም። የሁሉም ነው።»

ይሄ አባባል የሱ ብቻ አይደለም። ስለ ሊባኖስ ምግብ የሚጻፈውን ያነበበ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገበታው እኩልነት ነው፣ ገበታው ሰላም ነው፣ ገበታው አገር ነው ይባላል። አገር ነው የሚለውን ደግሞ በቀልድ እንዳታዩት። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ላይ እስራኤል ውስጥ አቡ ጎሽ በሚባል የአረቦች መንደር አራት ቶን የሚያህል ሁሙስ ተሠርቶ በዓለም መዝገብ ሰፈረ። ሊባኖሶች «ሁሙስ የኛ ነው» ብለው ተቆጡ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ 300 የሚሆኑ ምግብ አብሳዮች ተሰብስበው 10,452 ኪሎ ሁሙስ ሠሩ። ለምን 10,452? የሊባኖስ የቆዳ ስፋት 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ነዋ። አገሩን በሽምብራ መዘኑት።

ሳህኑ ለምን ይህን ያህል እንደሚትረፈረፍም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1918 በሊባኖስ ተራራ ላይ ታላቅ ረሃብ ነበር። አንበጣው መጣ፤ ባሕሩን የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች ዘጉት፤ የብሱን የኦቶማን ጦር ያዘው። ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ። የባልደረባዬ ቅድመ አያት ከፈረስ ፋንድያ ውስጥ ገብስ ለቅመው እንደበሉ በቤታቸው ይነገራል። ገበታ ላይ ባዶ ቦታ ማየት የሚያስፈራው ሕዝብ ነው። ይሄንን እኛ ካልተረዳን ማን ሊረዳው ነው? እነሱ ሳህን ሲደርቡ የምናየው ትዕቢት አይደለም፤ የረሃብ ትዝታ ነው።

ይሄን ሁሉ ያኔ ጽፌዋለሁ። አሁን ያልጻፍኩትን ልንገራችሁ።

ዛህሌ ላይ ከኛ ጠረጴዛ ቀጥሎ ሌላ ቤተሰብ ነበር። አያት፣ አባት፣ እናት፣ አክስቶች፣ ልጆች፤ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። በጠረጴዛው ጫፍ አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አቅፋ ተቀምጣለች። ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሳለች። ፊቷን ሳይ የኛ አገር ልጅ መሆኗን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ከፊቷ ሳህን የለም፤ ብርጭቆም፣ ቂጣም የለም። ሁሙሱ ከእጇ አንድ ክንድ አይርቅም፤ ግን እጇን አትዘረጋም፤ የሚላትም የለም። ሕፃኑ ሲያለቅስ ትነሳለች፤ ዞር ዞር አድርጋው ትመለሳለች። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ እስክትገባ።

አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እሷም አወቀችኝ። ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላምታ ሰጠኋት፤ እሷም ዝቅ አደረገች። ከዚያ ቂጣዬን ቆርሼ መብላቴን ቀጠልኩ። ምን ላድርግ? ተነስቼ የሰው ቤተሰብ ገበታ ላይ ልቆጣ? ሰበብ ሞልቶኝ ነበር። ምግቡ ግን እውነቱን ለመናገር ከጉሮሮዬ አልቀረም። ወርዷል።

በሳምንቱ ባልደረባዬ ቤይሩት ውስጥ አሽረፊየ የሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው ቤቱ ጠራኝ። ሌሎችም እንግዶች ነበሩ። ምሳው እስኪደርስ እጄን ልታጠብ ስሄድ በስልክ ከባለቤቴ ጋር እያወራሁ ነበር። ወጥ ቤቱ በር ላይ ድምፅ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት?»

ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ከፊቷ የፐርሰሜሎ ክምር አለ፤ እኛ ሽንኩርት የምንከትፍበት ሰሌዳ ላይ ደቃቅ አድርጋ ትከትፋለች። ለታቡሌ ነው። ታቡሌ የምትሉት ነገር ከሞላ ጎደል ፐርሰሜሎ ነው፤ የስንዴ ክኩ፣ ቲማቲሙ፣ ናናው ጥቂት ጥቂት ነው። ቅጠሉ ታጥቦ ውሃው ጠብ ሳይል መድረቅ አለበት። በማሽን ከተፈጨ ይጠቁራል፤ ስለዚህ በስለታም ቢላዋ፣ በእጅ፣ እንደ ጎመን ሳይሆን እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ይከተፋል። ይሄን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት።

«ከስንት ሰዓት ጀመርሽ?» አልኳት።

«ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት። የወይን ቅጠሉን ግን ማታ ነው የጠቀለልኩት። ወፈር ያለ እንደሆነ ማዳም ታስፈታኛለች፤ እንደ ጣት መቅጠን አለበት።»

«አንቺስ ትበያለሽ?»

«እበላለሁ እንጂ! የዚህ ቤት ሰዎች ደጎች ናቸው። ፍሪጅ አይቆልፉብኝም፤ ደሞዜንም አያስቀሩብኝም። ጓደኞቼ የሚያዩትን ቢያዩ ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። በቢላዋው ጫፍ ከዕቃ ማጠቢያው ስር ያለች አንዲት ዱካ አሳየችኝ። «እዚህችው ነው የምበላው።»

«ከነሱ ጋር ቀርበሽ አታውቂም?»

ሳቀች። «ጋሼ ደግሞ! እርስዎ አዲስ አበባ ሠራተኛ የለዎትም?»

«አለች።»

«የት ነው የምትበላው?»

መልስ አጣሁ። ልጅቷ አላዘነችም፣ አልተቆጣችምም፤ ቢላዋዋን እያነሳች «ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ» አለች። «እዚያም እንዲህ ያለች ዱካ ነበረችኝ።»

ምሳው ቀረበ። ግሩም ነበር። ሊባኖሶች ለምግብ ሠሪ የሚሉት አንድ ውብ ምርቃት አላቸው፤ «የስለሙ ኢደይኪ» ይላሉ፤ «እጆችሽ ይዳኑ» እንደ ማለት ነው፤ የኛው «እጅሽ ይባረክ»። እንግዶቹ ታቡሌውን ቀምሰው ለቤቷ እመቤት «የስለሙ ኢደይኪ» አሏት። እመቤቲቱም ፈገግ ብላ ተቀበለች። እኔም ቋንቋ ማወቄን ለማሳየት ደገምኩት። የተባረኩት እጆች የማን እንደሆኑ ግን አውቅ ነበር። ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ነበሩ፤ ጥፍራቸው በፐርሰሜሎ አረንጓዴ ሆኖ።

እንግዲህ ሂሴ ይሄ ነው። መዜ ውብ ነው፤ አልክድም። ግን መዜ ማለት ብዙ እጅ የሚበላ ምግብ ነው። አንድ ድስት ወጥ ለአሥር ሰው ይበቃል፤ ሃያ ሳህን መዜ ግን ሃያ ዓይነት ሥራ ነው። መጠቅለል አለ፣ መሙላት አለ፣ መላጥ አለ፣ መክተፍ አለ። ጥንት ይሄን የሚሠሩት የቤቱ ሴቶች፣ እናትና ልጅ፣ ጎረቤትና ምራት ሆነው ነበር፤ የሠራችው መጨረሻ ላይም ቢሆን ቀርባ ትበላለች። ደህና ደህና ቤቶች ደግሞ ድሃ የሊባኖስ ገጠር ልጆችን፣ ሶርያውያንን፣ ፍልስጤማውያንን ይቀጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የተጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት ያንን አመሰቃቀለው። ከዚያ በኋላ፣ በተለይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ፣ ሥራው ከሩቅ አገር በሚመጡ ሴቶች እጅ ገባ። መጀመሪያ ከስሪ ላንካ ብዙ ስለመጡ «ስሪላንካዊት» ማለት በዕለት ንግግር «የቤት ሠራተኛ» ማለት እስከ መሆን ደረሰ። ቀጥሎ ከፊሊፒንስ፤ ቀጥሎ ከኛ። እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ ቀውስ በፊት በአገሩ ወደ 250,000 የሚደርሱ የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች እንዳሉ ይገመት ነበር፤ ከነዚያ ውስጥ ትልቁ ቁጥር የኢትዮጵያውያን ነው።

እነዚህ ሴቶች በአገሩ ሕግ የሠራተኛ ስም እንኳ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ፣ አንቀጽ 7 ላይ፣ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓቸዋል። የሚገዛቸው ከፋላ የሚባለው የዋስትና ሥርዓት ነው። ሴቲቱ በአገሩ የመቆየት ፈቃዷ በአንዲት ማዳም ስም ላይ የታሰረ ነው። ማዳሟን ትታ ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ሂዩማን ራይትስ ዎች ያወጣው ጥናት በሊባኖስ በየሳምንቱ ከአንዲት በላይ የውጭ አገር የቤት ሠራተኛ እንደምትሞት አሳየ። አብዛኞቹ ራሳቸውን ያጠፉ ወይም ከፎቅ ሲያመልጡ የወደቁ ነበሩ። ከዚያው ፎቅ ላይ ሰው መዜ ይበላል።

ምሳው ካለቀ በኋላ በረንዳ ላይ ቡና ስንጠጣ ባልደረባዬን ጠየቅሁት። ደግ ሰው ስለሆነ አልተቆጣም። «እሷ እንደ ልጃችን ናት» አለኝ።

«ፓስፖርቷ የት ነው?»

«ባለቤቴ መሳቢያ ውስጥ። ለደኅንነቷ ነው።»

«የልጅህስ ፓስፖርት?»

ዝም አለ። ቡናውን ጠጣ። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ልክ ነህ፤ ግን ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው» አለ። ይህቺን «ሁሉም ሰው» የምትባል ቃል ልብ በሏት። በኋላ እመለስባታለሁ።

ሊባኖሶች ሁሉ እንዲህ ናቸው ማለቴ አይደለም። ለነዚህ ሴቶች የሚሟገቱ ጠበቆችና ጋዜጠኞች፣ መጠለያ የከፈቱ ሰዎች እዚያው አገር አሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ሠራተኞቹ ራሳቸው ከአንድ የአገሩ ሠራተኞች ፌዴሬሽን ጋር ሆነው ማኅበር መሠረቱ፤ የሥራ ሚኒስቴር ግን እውቅና አልሰጥም አለ። በመስከረም 2020 ሚኒስቴሩ ለሴቶቹ የተሻለ መብት የሚሰጥ አዲስ የሥራ ውል አወጣ፤ በሚቀጥለው ወር ውሉን የአገሩ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በሠራተኛ አስቀጣሪዎች አቤቱታ አገደው። ውሉ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ገበታው የሚፈተነው ደግሞ ሳህኑ ሲጎድል ነው። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ፤ ከዘጠና በመቶ በላይ ዋጋውን አጣ። ባንክ ገንዘብ ያስቀመጠው ሰው ባዶ እጁን ቀረ። አስተማሪና ወታደር ሥጋ መብላት አቆመ። ያዝንላቸዋል ሰው፤ እኔም አዝኜላቸዋለሁ። ነገር ግን ችግሩ ሲመጣ መጀመሪያ ከገበታው የተገፋው ማን ነበር? በሰኔ 2020 አሠሪዎች በደርዘን የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን በመኪና አምጥተው ቤይሩት ያለው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹ ያልተከፈለ ደሞዝ ነበራቸው፤ ፓስፖርት የሌላቸውም ነበሩ። አስፋልት ላይ ፍራሽ ዘርግተው አደሩ። «እንደ ልጃችን ናት» የተባለች ልጅ እንዲህ አትጣልም። በ2024 መኸር እስራኤል ሊባኖስን በከባድ ስትደበድብ ደግሞ አንዳንድ አሠሪዎች ሸሽተው ሲወጡ ሠራተኛቸውን ቤት ውስጥ ቆልፈውባት መሄዳቸው ተዘገበ።

በዚያ ክፉ ጊዜ ምግብ የተካፈሉ ሰዎች ነበሩ። በ2017 በሊባኖስ ያሉ የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባል ማኅበር አለ። በ2020 እነዚህ ሴቶች ሩዝና ዘይት፣ ዱቄትና የንጽሕና ዕቃ እያሰባሰቡ ሥራ ላጡት ያከፋፍሉ ነበር። ሃያ ሳህን አልነበራቸውም። ያላቸውን አካፈሉ። ስለ ሊባኖስ ገበታ የሚጽፍ ሰው ይሄንንም መጻፍ ነበረበት። እኔም ጭምር።

እስከዚህ ድረስ ያነበባችሁ አንባቢዎቼ ደማችሁ እንደፈላ እገምታለሁ። «አረቦቹ!» ብላችኋል። ቆዩ። ልጅቷ የጠየቀችኝን ጥያቄ ያልመለስኩት ረስቼው አይደለም።

እኛም አብሮ መብላት እንወዳለን። ገበታችን አንድ ነው፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ይታዘንለታል፤ ጉርሻችንን ለውጭ ሰው ስናሳይ ደረታችንን ነፍተን ነው። ታዲያ ትሪው የቀረበበትን ሳሎን ትተን እስቲ ወጥ ቤቱን እንይ። እንጀራውን የጋገረችው፣ ሽንኩርቱን ስትከትፍ ያለቀሰችው ልጅ የት ናት? «ብሉ» ብላ አቅርባ ሄዳለች። የኛን ፍርፋሪ ይዛ ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች። አንዳንዱ ቤት ከጤፉ ሌላ እንጀራ ለብቻዋ ይጋገርላታል። አንዳንዱ ቤት የምትበላበት ሳህን ለብቻው ይቀመጣል፤ ለውሻው እንደሚቀመጠው። እየተጋነነ ነው የምትሉ ካላችሁ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ መደርደሪያውን እዩት።

ሕጋችንም ቢሆን ከዚያኛው ብዙ አይርቅም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሰው ቤት የሚሰጥን የግል አገልግሎት ከአዋጁ ሽፋን አውጥቶ በሌላ ደንብ እንዲታይ ነው የተወው። የሊባኖስ አንቀጽ 7 ሲሰማን የምንደነግጥ ሰዎች የራሳችንን አዋጅ ገልጠን ብናነብ አንድ ነገር እንማራለን። ፓስፖርት አንቀማ ይሆናል፤ የገጠር ልጅ ፓስፖርት የላትምና። የምንቀማት እሁዷን ነው፤ ማታዋን ነው፤ ስሟን ሳይቀር ነው። «አንቺ ልጅ» እያልን የኖርናት ልጅ እውነተኛ ስሟን ስንቶቻችን እናውቃለን? ለምን እንዲህ ታደርጋለህ ቢሉን መልሳችን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። «ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

ወደ ቤሩት የሚሄዱት ልጆች እኮ ከሰማይ አይወርዱም። ብዙዎቹ እንደዚያች ልጅ ከገጠር አዲስ አበባ መጥተው፣ የኛ ወጥ ቤት ውስጥ ሠርተው፣ ደሞዙ አልበቃ ሲላቸው የሚሄዱ ናቸው። ዱካው ላይ መቀመጥን እኛው ቤት ተምረው ነው የሚሄዱት። በዚህ ነገር ማዳሞቹን ስንወቅስ ትምህርት ቤቱ የኛ እንደነበረ አንርሳ።

ከቤይሩት እንደተመለስኩ ጀግና ልሆን ፈለግሁ። የመጀመሪያው እሁድ ላይ ምሳ ሲቀርብ ለሠራተኛችን «ነይ፣ አብረን እንብላ» አልኳት። ደነገጠች። ያጠፋችው ጥፋት ያለ ነው የመሰላት። «ግዴለም ጋሼ፣ እኔ በኋላ እበላለሁ» አለች። ባለቤቴ በዓይኗ «ተዋት» አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን አልለቀኩም፤ በግድ አስቀመጥኳት። ከወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ ወፍ ተቀምጣ ሦስት ጉርሻ በላች፤ ቀና ብላ አላየችንም። አንድ ሰው ሲበላ እንደዚያ ሲቸገር አይቼ አላውቅም። ያን ዕለት ጥሩ የተሰማኝ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሦስተኛው እሁድ ትሪውን ስታነሳ ቆም አለች። የምትለው ነገር እንዳላት ገባኝ። «በይ፣ ንገሪኝ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ገበታው ይቅርብኝ» አለች። «እሁድ እሁድ ቢፈቀድልኝ ግን፣ እህቴ ጋ እሄድ ነበር።»

ሁለት ዓመት እኛ ቤት ስትሠራ እህት እንዳላት አላውቅም ነበር። አቃቂ ነው ያለችው። ቤተ ክርስቲያን ስመው፣ ቡና አፍልተው፣ ምሳ አብረው ሊበሉ። እሷም እኮ አብሮ መብላት ትወዳለች። ከኛ ጋር እንድትበላ ነበር እኔ የፈረድኩባት።

ከዚያ ወዲህ እሁድ የሷ ነው። ደሞዟም ሳይቀነስ። ባለቤቴ መጀመሪያ አኮረፈች፤ ጎረቤቶቻችንም «ሠራተኞቻችንን አበላሻችሁብን» ብለው ተቆጡን። እሁድ ምሳ የምንሠራው እኔና ልጆቹ ነን። አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አንዱ ይበጠብጣል፣ እኔ አማስላለሁ። ሳህኑ አንድ ነው፤ ሹሮ። ብዙ ጊዜ ያርራል።